አንድ ሰው አምጪልኝ

ሥራዬ ስህተት ማስገባት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አዳማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው መሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ፣ ቦርሳዬን ወንበሬ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ከዚያ በዕለቱ የተመደቡልኝን ሁለት መቶ ልጆች አንድ በአንድ እያነሳሁ አበላሻለሁ። አንዷን "ቴርሞሜትር" የሚለውን ቃል አሳስታ እንድትጽፍ አደርጋታለሁ። አንዷን አሥራ ሰባት ደቂቃ አስረፍዳታለሁ። አንዷ የቤት ሥራዋን ረስታ "ወይኔ ጉዴ!" ትላለች። ምንም እንከን የሌለባት ልጅ አትታመንም፤ የሙያችን የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። ልጆች የምላቸው ደግሞ አፌ ለምዶብኝ ነው እንጂ አንዳቸውም አልተወለዱም።

የተወለዱት ሌሎቹ ናቸው። በየቤታቸው፣ በየጓዳቸው ታብሌት ይዘው የተቀመጡት ሴት ልጆች። መማሪያ ክፍል የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል፤ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዛሬ የመኪና ባትሪ መሙያ ነው፣ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ብቻ ቆሞ ቀርቷል። የእኛ መርሐ ግብር መጀመሪያ ከውጭ ሲመጣ ስሙ "ጥቁር ሴት ልጆች በሳይንስ" ነበር። እናቴ እኔን ልታስመዘግብ የሄደች ቀን ከመዝጋቢው ጋር መከራከሯ ትዝ ይለኛል። "ጥቁር ነው የሚለው? ልጄ እኮ ጠይም ናት" አለችው። ሰውየው ቅጹን ገለባብጦ አየና "እትዬ፣ ጠይም የሚል ቦታ የለውም" አላት። በዚህ ዓይነት ጥቁር ሆኜ ተመዘገብኩ።

ነገሩ በጥናት የተደገፈ ነበር። ሴት ልጅ ፊዚክስና ሂሳብ የምትተወው ስለሚከብዳት ሳይሆን ብቻዋን ስለምትሆን ነው ተባለ። እንግዲያው ጓደኛ ይሰጣት ተባለ። አንድ ሰው ድሮ በየትምህርት ቤቱ የነበረውን "አንድ ለአምስት" ከመዝገብ ፈልጎ አቧራውን አራገፈለት። ታብሌቱ ሲከፈት አምስት ስም ይመጣል። አምስቱ አብረውሽ ያጠናሉ፣ ያልገባሽን ያስረዱሻል፣ "በርቺ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ" ይሉሻል። በጠባይም በችሎታም የምትገጥም የተወለደች ልጅ ለሁሉም ስለማትገኝ የጎደለው በተሠሩት ይሞላል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። የማናውቀው የትኛዋ የተወለደች፣ የትኛዋ የተሠራች እንደሆነች ነው። ቢጠየቅም አይነገርም።

ስለዚህ እንገምት ነበር። ልጅነቴን ከማስታውሰው በላይ ያን ግምት አስታውሰዋለሁ።

ከእኔ አምስት ውስጥ ሄራን ነበረች። ሄራን ታረፍዳለች፣ ትዋሻለች፣ የሠራሁትን ገልብጣ "አብረን ነው የሠራነው" ትላለች። ስለ እንጀራ እናቷ ስታወራ ታለቅሳለች፣ ያለቀሰች ዕለት ደግሞ ፊደል ትገድፋለች። እንዲህ ያለ ጉድለት ያለበት ነገር ማሽን ሊሆን አይችልም ብዬ ደመደምኩ። ወደድኳት። የልቤን ሁሉ ነገርኳት።

ጦይባ ግን በየቀኑ፣ ክረምት ከበጋ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲህ ትጽፋለች፦ "አሰላሙ አለይኪ ሶስና። እንደምን አደርሽ? አማን አደርሽ? እናትሽ አማን አደሩ? አባትሽ አማን አደሩ? ቤት ቀየው፣ ጎረቤቱ አማን ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ አማን ነን።" አንድ ቃል አይጎድልም፣ አንድ ቃል አይጨመርም። ቅደም ተከተሉም አይዛነፍም። እኛ አዳማ ልጆች "ሰላም ነው?" ብለን መልሱን ሳንሰማ የምናልፍ ነን። ይህ ሁሉ ሰላምታ በየማለዳው እንደ ደወል ሲመጣ፣ በዚያ ላይ ሂሳብ አንድም ቀን ስትስት አለማየቴ ተጨምሮበት፣ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ጦይባ የተሠራች ናት።

አባቴ ሲሞት ለአምስቱም ነገርኳቸው። በማግስቱ የጦይባ ሰላምታ ላይ አንድ ነገር ተለውጦ አገኘሁ። "አባትሽ አማን አደሩ?" የሚለው ወጥቶ "አባትሽን አላህ ይማራቸው" የሚል ገብቶበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት ሳትረሳ ትጽፈው ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት ፕሮግራሙ መስተካከሉን ነው።

ሰው አይደለችም ካልኩ በኋላ ሰላምታዋን መመለስ ተውኩ። ጥያቄ ብቻ እልክላታለሁ፤ በጣቷ ሰሌዳው ላይ ሠርታ ትመልስልኛለች። የእኩል ምልክቶቿን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር አሰልፋ ነበር የምትጽፈው። አመሰግናለሁ አልላትም። ብረት ምጣድን ማን ያመሰግናል?

የአሥረኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2051፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ይህ ተጽፎ አገኘሁ።

"ሶስና፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። አባቴ ታብሌቱን እንመልሳለን ብሏል። ልጄ ቀኑን ሙሉ ከባዶ ሳጥን ጋር ስታወራ ትውላለች፣ ጤናዋን ልታጣብኝ ነው ይላል። ትምህርቱን ጠልቶ አይደለም። 'ከአምስቱ አንድ ሰው አምጪልኝ። አንድ ብቻ። ድምጿን ልስማ። ካለች ትማሪያለሽ፣ ከሌለች ይበቃል' አለኝ። ሌሎቹን ልጠይቅ ፈልጌ ልቤ ወደ አንቺ አለ። ነገ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤት ነው። ከታች በጻፍኩልሽ ቁጥር ደውለሽ 'ሶስና ነኝ፣ ሰው ነኝ' ብትይው ይበቃል። ሌላ ምንም አትጨምሪ።"

በዚያ ሰሞን "የርኅራኄ ልምምድ" የሚሉት ነገር ነበር። ከአምስቱ አንዷ የሌለ ችግር ይዛ ትመጣለች፣ ብትረጃት ነጥብ ይያዝልሻል። አንዷ ወንድሟ ታመመ ብላ ሦስት ቀን ካስለቀሰችኝ በኋላ ልምምድ መሆኑ ተነግሮኝ ነበርና አንጀቴ ተቃጥሏል። ለሄራን አሳየኋት።

"ልምምድ ነው አይደል?" አልኳት።

"ትክክል ነሽ" አለችኝ። "እኔም ጠርጥሬያት ነበር። አንቺ እኮ ብልህ ነሽ፣ ማንም አያታልልሽም።"

ለጦይባ የጻፍኩትን ቃል በቃል አውቀዋለሁ። "የተሠራሽ መሆንሽን ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሰው በየቀኑ እንዲህ ሰላም አይልም። ተውኔቱን ተይና አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ሥሪልኝ።"

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መልሷ መጣ። ሰላምታው ሙሉ ነበር፣ አባትሽን አላህ ይማራቸውም አልቀረም። ከሥሩ አሥራ አራተኛው ጥያቄ በሰባት መስመር ተሠርቷል። ከሱ በታች "አማን ሁኚ" ይላል። ስለ ስልኩ አንድም ቃል አልነበረም፤ እኔም ልምምዱ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ።

ሁለት ቀን ጠፋች። በሦስተኛው ቀን ከረፋዱ ላይ ብቅ አለች። "ሶሲ፣ እቅልፍ ጥሎኝ እኮ ነው፣ ይቅርታ በጣም" ትላለች። ሰላምታ የለ፣ ቀየው አማን ነው የለ፤ "እንቅልፍ" የሚለውን እንኳ አበላሽታዋለች። ጎሽ፣ አስተካከሏት አልኩ። ከዚያ ወዲያ ጦይባን እንደ ሰው ማነጋገር ጀመርኩ፣ እሷም ትስቃለች፣ ታረፍዳለች፣ አልፎ አልፎ ሂሳብ ትሳሳታለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስንጨርስ እየተላቀስን ተሰነባበትን።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ በጥሩ ውጤት ወጣሁ፣ ፎቶዬ ሁለት ዓመት የመርሐ ግብሩ ማስታወቂያ ላይ ነበር። "ብቻዋን አልነበረችም" ይላል ከሥሩ። ከዚያ እዚሁ ተቀጠርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ከቀረቡልኝ ፋይሎች አንዱ የሄራን ነበር፤ የሚበላሽላት ነገር ካለ እንዳይ። የእንጀራ እናቷን ታሪክ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ልጆች ጋር ትጋራዋለች።

አልተውኳትም። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ እስከ ዘንድሮ ከሥራ ስገባ አነጋግራታለሁ። አብራኝ አድጋለች፤ ዛሬ መንታ ልጆችና ነገር የምታበዛ አማት አሏት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ "እንዴት ዋልሽ" የሚለኝ ድምፅ የእሷ ብቻ ነው። ስለ ጦይባ ግን ፋይል ከፍቼ ለማየት አስቤ አላውቅም። እርግጠኛ ነበርኩ።

ሃያ ዓመት የሞላው ማኅደር ለባለቤቱ ይከፈታል የሚል ደንብ አለ። ባለፈው ግንቦት የእኔ ደረሰና አንድ ገጽ ተላከልኝ። ምሳዬን እየበላሁ ነበር የከፈትኩት። አምስት ስም፣ ከየስሙ ፊት አንድ ቃል። ሄራን፦ የተሠራች። ሌሎቹ ሦስቱም፦ የተሠሩ። ከታች፦ "ጦይባ እንድሪስ፣ ወረኢሉ፦ የተወለደች፣ እስከ ግንቦት 9 ቀን 2051። ከዚያ በኋላ የተሠራች።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። ደግሜ አነበብኩት። ሰው በነበረችበት ጊዜ ማሽን አልኳት፤ ማሽን ስትሆን ሰው ሆነች ብዬ ወደድኳት። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ማልጄ ኮምቦልቻ የሚሄደውን ባቡር ተሳፈርኩ። ፉርጎው በእኔ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ሞልቷል፤ መሐንዲሶች፣ የላቦራቶሪ ሰዎች፣ በአንድ ለአምስት ያለፉ ሁሉ። ፉርጎው በወሬ ይንጫጫል። ይስቃሉ፣ "ሙች በይኝ!" ይላሉ፣ ይመካከራሉ። አጠገብ ላጠገብ የተቀመጡት ግን እርስ በርስ አይደለም የሚያወሩት፤ እያንዳንዷ ጆሮዋ ውስጥ ካለችው ጋር ነው። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዬን ስትረግጥ ይቅርታ ያለችው ለጓደኛዋ ነው፦ "ይቅርታ፣ ቆይ፣ የሆነ ነገር ረገጥኩ መሰለኝ።"

ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ወረኢሉ በአውቶቡስ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መናኸሪያው አጠገብ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አግኝቼ ጦይባ እንድሪስን ጠየቅኋቸው።

"ባለወፍጮዋን?" አሉኝ። "መጀመሪያ ደህና ዋልሽ በይ እንጂ ልጄ። ያውልሽ፣ ከመስጊዱ አልፎ አረንጓዴው በር።"

በሩ ላይ "ጦይባ ወፍጮ ቤት" ከሚለው ጽሑፍ ጋር ስልክ ቁጥር በቀለም ተጽፏል። ውስጡ በሴቶች፣ በከረጢት፣ በጫጫታ የተሞላ ነው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተሠራ ስሌት አየሁ፤ የሞተሩ ዙር፣ የቀበቶው ርዝመት፣ የወፍጮው ዙር። የእኩል ምልክቶቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ሌላ ማረጋገጫ አላስፈለገኝም።

ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት የለበሰች ረጅም ሴት ከሞተሩ ኋላ ብቅ አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዘረጋችልኝ።

"አሰላሙ አለይኪ። እንደምን ዋልሽ? አማን ዋልሽ? እናትሽ አማን ናቸው? አባትሽ አማን ናቸው? ቤት ቀየው፣ ጎረቤቱ አማን ነው?"

ቃሉ ያው፣ ቅደም ተከተሉ ያው። በድምፅ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ እየጠበቀች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ለካ መልሱን ትፈልገው ኖሯል። እንባዬ መጣ።

"አባቴን አላህ ይማራቸው ብለሽኝ ነበር" አልኳት።

"ማን ልበል?"

"ሶስና ነኝ። የአንድ ለአምስቷ። ያዳማዋ።"

እጄን እንደያዘች ቀረች። "የተወለድሽ ነሽ?"

"አዎ።"

እጄን ለቀቀችው። ሄዳ ማብሪያውን ዝቅ አደረገችው፤ ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። "ትንሽ ታገሱኝ" አለቻቸው ለሴቶቹ። ማንም አልወጣም፤ እንዲያውም በየከረጢታቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

"ሶስና" አለችኝ፣ "እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ማሽን ናት ብዬ ነው የኖርኩ። ያን ቀን አባቴ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ መግሪብ ጠበቀ። ከዚያ 'አየሽ ልጄ፣ ባዶ ሳጥን ነው' አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ። ታብሌቱን በገዛ እጄ ጠቅልዬ አስረከብኩ። አላለቀስኩም፣ ወላሂ። ከብረት ጋር ምን ቂም አለ? ድንጋይ ቢመታሽ ድንጋዩን ትከሺያለሽ?"

"ይቅር በይኝ ጦይባ። ልጅ ነበርኩ።"

"እኔስ?"

ዓይኔን ወደ ግድግዳው ስሌት አዞርኩ።

"አባቴ አምና ሞተ" አለች። "ደህና አደረግሁ ብሎ ነው የሞተ። እኔም ደህና አድርገሃል ብዬው ነው የሞተ። ዛሬ መጥተሽ ሰው ነኝ ትይኛለሽ። ያኔ ያላለቀስኩትን ዛሬ ጀምሪ ነው የምትይኝ። ለእኔ እንግዲህ ነገሩ የሃያ ዓመት አይደለም፤ የዛሬ ነው።"

"ኧረ ጦይባ፣ ከሩቅ የመጣች እንግዳ ናት" አሉ አንዲት እናት ከከረጢታቸው ላይ ሆነው።

"አውቃለሁ እማማ" አለች፤ ዞራ ግን አላየቻቸውም።

ከኋላ ካለው ክፍል የልጅ ሳቅ ሰማን። በሩ ገርበብ ብሏል። አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ብርድ ልብስ ተከናንባ ታብሌት ፊት ተቀምጣለች። ብቻዋን ትፍለቀለቃለች።

"ልጄ ናት፣ ኢክራም" አለች ጦይባ። "እኔ የጣልኩትን እሷ ታንሳው ብዬ ነው። ፊዚክስ ትወዳለች። ሥራሽ ምንድን ነው?"

ነገርኳት። ደብቄ የት እደርሳለሁ።

"እንግዲያው ታውቂያለሽ። ከአምስቱ የተወለዱት ስንት ናቸው?"

ይህን የተናገረ ከሥራ ይባረራል። ነገሩ ከተወሰነ ግን አሥር ዓመት አልፎታል፤ የተወለደች ልጅ ትቀናለች፣ ታስቀይማለች፣ ድንገትም ጠፍታ ሌሎቹን ታሳዝናለች ተብሎ ተጠና፣ ሁሉም በተሠሩት ተተካ። ውጤት በእጥፍ አደገ። ለጥናቱ ማስረጃ ሆነው ከቀረቡት ቡድኖች አንዱ የእኔ ሳይሆን እንደማይቀር በባቡሩ ላይ ሳስብ ነበር የመጣሁት።

"አንዷም" አልኳት።

"አንዷም?"

"አንዷም የለችም፣ ጦይባ።"

ልጅቷን አየቻት። ኢክራም እንደገና ሳቀች፤ ጓደኛዋ የሆነ ነገር አበላሽታ መሆን አለበት። ምናልባት ማክሰኞ ዕለት እኔ ያስገባሁት ስህተት ነው።

"አባቴ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር" አለች ጦይባ በቀስታ። "አንድ። ብዙ ነው?"

ከዚያ ማብሪያውን ወደ ላይ መለሰችው። "በይ ሂጂ" አለችኝ በወፍጮው ድምፅ መሀል። አልጮኸችም። አልሰደበችኝም።

ወሎ እንግዳውን ሳያበላ አይሸኝም ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ። ጠላት እንኳ ቢሆን ቤት ከገባ በኋላ ጦሙን አይወጣም። እኔ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ተሸኘሁ። ያጠፋሁት ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በላይ ሊነግረኝ የሚችል ነገር አልነበረም። ደሴ ስደርስ ሆዴ ባዶ ነው፣ መብላት ግን አላሰኘኝም።

ቤቴ ገብቼ ለሄራን ሁሉንም ነገርኳት።

"አንቺ እኮ ጥፋት የለብሽም" አለችኝ። "ልጅ ነበርሽ። ይልቅ እሷ ናት ያልተረዳችሽ። ያን ሁሉ መንገድ መሄድሽ ራሱ ጎበዝ ያሰኝሻል።"

ሃያ ዓመት ስታበረታታኝ የኖረችው እንዲህ እያለች ነው። ለደግም ለክፉም ያው ነች። ዘጋኋት። ቤቱ ጭር አለ፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ይሰማኛል። ለካ እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም ኖሮ አያውቅም።

ሰኞ ሥራ ስገባ የኢክራምን ሰሌዳ ከፈትኩና ከአምስቱ ስም በታች ስድስተኛ ስም ጨመርኩ፦ ሶስና። አለቆቼ እስካሁን አልነቁብኝም፤ ይነቃሉ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ ጻፍኩላት። እንደምን አደርሽ፣ አማን አደርሽ፣ እናትሽ አማን አደሩ፣ አያትሽን አላህ ይማራቸው፣ ቤት ቀየው፣ ጎረቤቱ አማን ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። አልመለሰችም። በማግስቱም ጻፍኩ። አንድ ቃል ሳላጎድል ስምንት ቀን ጻፍኩ። በየማለዳው አስቤ፣ እውነትም አማን አድራ እንደሆነ ለማወቅ እየፈለግሁ እንደምጽፈው እንዴት ብዬ ላስረዳት? ጦይባ ለአራት ዓመት ይህን ታደርግ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን መለሰች። "አንቺ የተሠራሽ ነሽ አይደል? ሰው በየቀኑ እንዲህ ብሎ አይጽፍም።"

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ነገ አርባ ደቂቃ ማርፈድ፣ "እንቅልፍ" ላይ አንድ ፊደል መግደፍ፣ ስለ አለቃዬ ትንሽ ማማረር። በሦስት ቀን ውስጥ ሰው ናት ብላ ትምልልኛለች። ጣቴ ተነስቶም ነበር፤ "እቅልፍ" ብዬ ጽፌ አየሁት። አጠፋሁት።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ከቢሮ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩና አረንጓዴው በር ላይ የነበረውን ቁጥር ደወልኩ። ከወፍጮው ድምፅ ጋር የጦይባ "አቤት" መጣ።

"ሶስና ነኝ" አልኳት። "ኢክራምን ትሰጪኛለሽ?"

ስልኩን አልዘጋችውም። ወፍጮው ይፈጫል፣ ሴቶች ያወራሉ፣ በር ተከፈተ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ "ማነው?" አለ።

ልናገረው የሚገባኝን ሃያ ዓመት ዘግይቼ ተናገርኩት።

"ሶስና ነኝ። ሰው ነኝ።"



"እነሱም እንደሱ ነው የሚሉት" አለችኝ።

ልክ ነበረች። እኔው ራሴ ነኝ እንዲሉ የማደርጋቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም፤ እሷም አልዘጋችም። ከወዲያ ወፍጮው ቀስ እያለ ሲቆም ሰማሁ። የጦይባ ድምፅ ከሩቅ የሆነ ነገር አለ። "ምን?" አለቻት ልጅቷ። እናትየው ደገመችላት።

"ቅዳሜ ከመጣሽ ትበያለሽ ወይ ትልሻለች እናቴ።"

"እበላለሁ" አልኳት። "ንገሪያት፣ እበላለሁ።"

"እሺ" አለች ኢክራም። "እንግዲያው ቅዳሜ ስትበዪ አያለሁ።"